ቁጥርን በሕፃናት እጅ ያስጨበጡ ሐኪም፤ የማሪያ ሞንቴሶሪ ሕይወት

የዓድዋ ጦርነት ከተፈጸመ ከአራት ወራት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 10 ቀን 1896፣ በሮማ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ወይዘሪት የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን በጣሊያን አገር ሐኪም የሆኑ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አገሪቱም በዓድዋ ተራሮች ላይ የደረሰባት ሽንፈት ገና ያልሻረ ቁስል ሆኖባት፣ ጦርነቱን ያዘዘው መንግሥቷ ወድቆ፣ ሕዝቧ በሐዘንና በቁጣ ውስጥ ይገኝ ነበር። እኒያ ወይዘሪት ማሪያ ሞንቴሶሪ ናቸው።

ስማቸው ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ በብዙ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ተጽፎ ይታያል። ስሙ እንዲህ ከሕፃናት መዋያ ጋር ብቻ ተቆራኝቶ በመቅረቱ ግን አንድ ትልቅ ሥራቸው ተሸፍኗል፤ ይኸውም ለቁጥር ትምህርት የደከሙት ድካም ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆችን መደመርና መቀነስ ለማስተማር ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር ከእሳቸው ሕይወት የሚያገኘው ቁም ነገር አለ ብዬ ስለማምን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ይሁን እንጂ ውዳሴ ለመጻፍ አልተነሣሁም፤ ሕይወታቸው እኛ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ የማናልፈው ምዕራፍ አለበትና እሱንም በቦታው አነሣዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ኦገስት 31 ቀን 1870 በመካከለኛው ጣሊያን፣ በአንኮና አውራጃ፣ ኪያራቫሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አሌሳንድሮ በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር የትምባሆ ፋብሪካን የሚቆጣጠሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ሬኒልዴ ስቶፓኒ ደግሞ በዚያ ዘመን ለሴት ከተለመደው በላይ የተማሩና መጻሕፍት የሚያፈቅሩ ነበሩ። ቤተሰቡ ልጅቷ ገና በሕፃንነት ሳሉ ወደ ሮማ ተዛወረ። ለተማረች ሴት ክፍት የነበረው የታወቀ መንገድ መምህርነት ነበር፤ ማሪያ ግን ያን መንገድ አልፈልግም ብለው በ1883፣ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው፣ ከሞላ ጎደል ወንዶች ብቻ ይማሩበት ወደነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ሒሳብ ይወዱ ነበር፤ መሐንዲስ ለመሆንም አስበው ነበር። እየሰነበቱ ሐሳባቸው ወደ ሕክምና ዞረ። አባታቸው ነገሩን ባይወዱትም፣ መጀመሪያ የተፈጥሮ ሳይንስ አጥንተው በ1892 ከጨረሱ በኋላ የሕክምናውን ትምህርት ቀጠሉ። ወንዶች በተሰበሰቡበት አንዲት ሴት ራቁት አስከሬን እያየች መማሯ ነውር ሆኖ ስለተቆጠረ፣ የአካል ክፍሎችን ጥናት የሚያካሂዱት ሌሎቹ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ ለብቻቸው ነበር። መምህር አልሆንም ያሉት ሴት ወደ ማስተማር ሥራ የገቡት በሕክምና በር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሕፃንን መጀመሪያ ያዩት እንደ ሐኪም፣ ማለትም ከመናገራቸው በፊት እየተመለከቱ ነውና።

ከተመረቁ በኋላ በሮማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በረዳትነት ሲሠሩ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸው ሕፃናት ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው ይኖሩባቸው የነበሩትን ቤቶች እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ያዩት ነገር እንደሚከተለው ይተረካል። ልጆቹ ምግባቸውን ከበሉ በኋላ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የወዳደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ ይለቃቅማሉ። ጠባቂዋ ይህን ከሆዳምነት ቆጥራ ስትጸየፋቸው፣ ወጣቷ ሐኪም ክፍሉን ዘወር ብለው ቢያዩ ከባዶ ግድግዳ በቀር አንዳች የሚጨበጥ ነገር የለበትም። ልጆቹ ፍርፋሪውን የፈለጉት ለአፋቸው ሳይሆን ለእጃቸው እንደሆነ ተረዱ። የቀረው ሥራቸው ሁሉ ከዚህች አንዲት አስተያየት የበቀለ ነው ማለት ይቻላል።

መፍትሔ ፍለጋ ወደ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ሥራ ሄዱ። አንደኛው በአቬይሮን ጫካ የተገኘውን ልጅ ለማስተማር ብዙ የደከመው ዣን ኢታር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የኢታር ተማሪ የሆነው ኤድዋር ሴጋን ነው። የሁለቱን ጽሑፎች ቃል በቃል እያሰላሰሉ ለማንበብ ሲሉ ወደ ጣሊያንኛ ተርጉመው በገዛ እጃቸው ጻፏቸው። በ1900 ለነዚህ ሕፃናት መምህራንን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በሮማ ተከፍቶ ከሐኪሙ ጁዜፔ ሞንቴሳኖ ጋር መሩት። ቀን ቀን ሕፃናቱን እያስተማሩ፣ ሌሊት ያዩትን እየመዘገቡ ሠሩ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ችለው ከሌሎች ሕፃናት ጋር የሕዝብ ትምህርት ቤት ፈተና ተፈትነው አለፉ። ሰው ሁሉ ሲያደንቅ እሳቸው ግን በሌላ ሐሳብ ተያዙ፤ የነሱ ልጆች እንዲህ ከሆኑ፣ ጤነኞቹን ሕፃናት በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ አስሮ የያዛቸው ነገር ምን ይሆን? ይህ ጥያቄ ለመምህር የሚመች ጥያቄ አይደለም።

በዚህ ዘመን የግል ሕይወታቸው ከባድ ነበር። ከሞንቴሳኖ ጋር በነበራቸው ፍቅር ማርች 31 ቀን 1898 ማሪዮ የተባለ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ጋብቻ አልነበረም፤ ነገሩ ቢታወቅ የሕክምናውም የማስተማሩም ሥራ ያበቃለት ነበርና ልጁ ከሮማ ወጣ ባለ ገጠር ለሞግዚት ተሰጥቶ በምስጢር አደገ። ማሪዮ ወደ እናቱ የመጣው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን እስከ መጨረሻው አልተለያትም። የሰውን ሁሉ ልጅ በትዕግሥት ሲመለከቱ የኖሩት ሴት የራሳቸውን ልጅ የሕፃንነት ዓመታት በጉብኝት ብቻ ማለፋቸውን ሳስብ በሥራቸው ውስጥ የማየው ጽናት ከምን እንደመጣ በጥቂቱ የሚገባኝ ይመስለኛል።

ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 በሮማ የድሆች ሰፈር በሳን ሎሬንዞ አንድ ክፍል ተከፈተ። ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ፍቅር አልነበረም። አንድ የቤቶች ኩባንያ ያረጁ ሕንፃዎችን አድሶ ለሠራተኞች አከራየ፤ ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ብቻቸውን የሚውሉት ትንንሽ ልጆች ግን አዲሱን ግድግዳ እየጫሩና ደረጃውን እያበላሹ አስቸገሩ። ግድግዳውን ሁልጊዜ ከማደስ ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ይረክሳል ተባለ። ኃላፊነቱን ሞንቴሶሪ ተቀበሉ። ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ሃምሳ ያህል ሕፃናት በአንዲት የመምህርነት ሥልጠና ባልነበራት ወጣት ሴት እጅ ሆኑ። ቤቱም ካዛ ዴይ ባምቢኒ፣ ማለትም የሕፃናት ቤት፣ ተባለ።

እዚያ ካዩት ሁሉ ዘወትር የሚያነሡት የአንዲት ሦስት ዓመት ያህል የሆናት ልጅ ነገር ነው። ልጅቷ ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸውን የእንጨት ሲሊንደሮች ከየጉድጓዳቸው እያወጣች፣ እያደባለቀች፣ መልሳ በየቦታቸው ትከታለች። ሞንቴሶሪ መቁጠር ጀመሩ። ሌሎቹ ልጆች እንዲዘምሩ አደረጉ፤ ልጅቷ ዞር ብላ አላየችም። ከነወንበሯ አንሥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት፤ ሲሊንደሮቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። አርባ አራት ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ በራሷ ጊዜ አቆመችና ከጥሩ እንቅልፍ እንደነቃ ሰው ፈገግ ብላ ዙሪያዋን ተመለከተች። ሕፃን በአንድ ነገር ላይ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ልቡ አይረጋም ለሚሉት ሁሉ ይህች ልጅ መልስ ሆነች።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። በሳን ሎሬንዞ ሕፃኑ ከቁጥር ጋር የሚተዋወቀው በአሥር ዘንጎች ነው። አጭሩ ዘንግ አሥር ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ አንድ ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አሥር ሴንቲ ሜትር በየተራ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ሁለት የሚባለው ዘንግ ሁለት ክፍል፣ ሰባት የሚባለው ሰባት ክፍል አለው ማለት ነው። ለምን ጠጠር አልበቃም ይባል ይሆናል። በመጀመሪያው ክፍል ያስተማረ መምህር ምክንያቱን ያውቀዋል። ሕፃን አምስት ጠጠሮችን በጣቱ እየነካ እስከ አምስት ይቆጥራል፤ አምስቱን አምጣ ሲባል ግን የመጨረሻዋን አንዲት ጠጠር ብቻ አንሥቶ የሚያመጣ አለ። ለሱ አምስት ማለት የዚያች የመጨረሻዋ ጠጠር ስም ነው። ዘንጉ ግን አምስትን አንድ ወጥ ነገር አድርጎ በእጁ ያስጨብጠዋል፤ ስድስት ከአምስት እንደሚረዝም፣ የሚረዝመውም በአንድ ብቻ እንደሆነ ዓይኑም ክንዱም ይነግሩታል።

ከዚያ በኋላ መደመር ያለ መምህር ንግግር ይመጣል። ሕፃኑ ከዘጠኙ ጫፍ አንዱን ሲያስቀጥል ከአሥሩ ጋር እኩል ይሆንለታል፤ ስምንቱን ከሁለቱ፣ ሰባቱን ከሦስቱ፣ ስድስቱን ከአራቱ ያጋጥማል። አምስቱ ብቻውን ጓደኛ አጥቶ ይቀራል። በአሥሩ ጎን አስተኝቶ፣ ጫፉን ይዞ ሲያገላብጠው አሥሩን በሁለት ጊዜ ይሸፍነዋል። እዚህ ላይ ማባዛትና ማካፈል ገና ስማቸው ሳይጠራ ገብተዋል። እኔ በበኩሌ ከሞንቴሶሪ መሣሪያዎች ሁሉ ለመምህር በጣም የሚያስተምረው ይህ የአምስቱ ብቻውን መቅረት ነው እላለሁ፤ ልጁን የሚያሳስበው ነገሩ ራሱ እንጂ የመምህሩ ጥያቄ አይደለምና።

የቁጥር ምልክቶችን የሚማረው አናጢዎች እንጨት ከሚያለሰልሱበት ሸካራ ወረቀት ተቆርጠው በሰሌዳ ላይ በተለጠፉ አኃዞች ነው፤ በጣቱ እየዳሰሰ የአጻጻፉን አቅጣጫ ይለምዳል። ቀጥሎ የእንዝርት ሣጥን ይመጣል። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተጻፈባቸው አሥር መደቦች አሉ፤ እንዝርቶቹም አርባ አምስት ናቸው። ሕፃኑ በአንድ መደብ አንድ፣ በሁለት መደብ ሁለት እያለ እስከ ዘጠኝ ይሞላል። በትክክል ከሠራ የመጨረሻው እንዝርት ከእጁ ሲወጣ የመጨረሻው መደብ ይሞላል። ከተሳሳተ ወይ ይጎድልበታል ወይ ይተርፈዋል። ስሕተቱን የሚነግረው ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መምህር ሳይሆን ባዶ የቀረው ሣጥን ነው። ሞንቴሶሪ እያንዳንዱን መሣሪያ ሲሠሩ ይህን ሕግ ጠብቀዋል፤ ልጁ ስሕተቱን ከዕቃው ላይ አንብቦ ሳያፍር እንዲያርም።

በሣጥኑ ውስጥ አንድ መደብ ግን ባዶውን ይኖራል፤ እሱም የዜሮ ነው። ዜሮን ለማስረዳት ጨዋታ ፈጠሩ። ልጆቹን ተራ በተራ ወደኔ ሁለት ጊዜ ና፣ ሦስት ጊዜ ና እያሉ ከጠሩ በኋላ አንዱን ዜሮ ጊዜ እንዲመጣ ያዙታል። ልጁ ሮጦ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንደመጣ ይነገረዋል፤ እንደገና ይታዘዛል፤ እንደገና ይመጣል። ቆይቶ አንዱ ልጅ ይገባዋልና ሲጠራ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ይስቃል። የኛ ልጆች ዜሮን ለመልመድ የሚያዩት ፈተና ከዚህ የተለየ አይደለም። በግዕዝ አኃዝ ፲ም ፻ም የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው የቁጥር ባዶ ቦታ ጠባቂ አላስፈለገም፤ በዘመናዊው አጻጻፍ ግን በ305 ውስጥ የአሥር ቤቱን ባዶነት የምትጠብቀው ዜሮ ከተዘነጋች ቁጥሩ 35 ሆኖ ይቀራል። በደብተር ላይ ይህን ስሕተት ያላረመ መምህር ያለ አይመስለኝም።

ስለ አሥር ቤትና መቶ ቤት የሠሩት መሣሪያ ወርቃማ ዶቃ በመባል ይታወቃል። አንድ ማለት አንዲት ዶቃ ናት። አሥር ዶቃዎች በሽቦ ተሰክተው አንድ ዘንግ ይሆናሉ። አሥር ዘንጎች ጎን ለጎን ተያይዘው መቶ የሚባለውን ካሬ ይሠራሉ። አሥር ካሬዎች ተደራርበው አንድ ሺህ ዶቃ ያለው ኩብ ይወጣል። ሕፃኑ በአንድ እጁ ዶቃዋን፣ በሌላው እጁ ኩቡን ይዞ አንድና ሺህ ምን ያህል እንደሚራራቁ በክብደት ያውቀዋል። ከዚህ ጋር የሚሄዱ ካርዶች አሉ፤ 1000፣ 400፣ 30፣ 2 የሚሉትን አራት ካርዶች በቀኝ ጠርዛቸው አስተካክሎ ሲደራርባቸው ዜሮዎቹ ተሸፍነው 1432 ይነበባል። የአንድ ቤት አረንጓዴ፣ የአሥር ቤት ሰማያዊ፣ የመቶ ቤት ቀይ ነው፤ ሺህ ደግሞ እንደገና አረንጓዴ ይሆናል፤ ሺህ በራሱ የአዲስ ቤተሰብ አንድ ነውና።

ሁለት ልጆች በየሰፌዳቸው ዶቃ ተሸክመው መጥተው ምንጣፍ ላይ ይደባልቁታል። አንዶቹን ቆጥረው አሥር ሲሞሉ ባንክ ወደተባለው ጓደኛቸው ወስደው በአንድ የአሥር ዘንግ ይለውጡታል። በሰሌዳ ላይ አንድ ይያዛል የምንለው፣ ልጆች ለምን እንደሚያዝ ሳያውቁ የሚሸመድዱት ነገር፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ መመንዘር ብቻ ሆኖ ይገኛል። የኛ አገር ልጅ ደግሞ መመንዘርን ከትምህርት ቤት በፊት ከሱቅ ያውቀዋል፤ እናቱ ለጨው የሰጠችውን የአሥር ብር ኖት ባለሱቁ ዘርዝሮ ሲመልስለት ዓይኑን ተክሎ ይቆጥራልና። ስንቀንስ የምንበደረው አሥርም እንዲሁ ነው፤ ብድር ሳይሆን ዝርዝር ነው። ሲካፈሉም አራት ልጆች ተቀምጠው መጀመሪያ ሺሁን፣ ከዚያ መቶውን እኩል ይታደላሉ፤ ሊታደል ያልቻለው ወደሚቀጥለው ይመነዘራል። ማካፈል ከትልቁ ቤት ለምን እንደሚጀመር ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ሙሉ ሳላስረዳ ኖሬ ይህን ሳነብ አፍሬያለሁ።

በመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ሰባ ያህል ልጆች በታጨቁበት ክፍል ዶቃ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ልጆቹን ጭራሮ እያስለቀምሁ አሥር አሥሩን በልጥ እያሳሰርሁ ለመሥራት ሞክሬ ነበር። አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ ገብተው ክፍሉ ማገዶ ቤት መምሰሉን ተናግረው፣ የማባዣ ሠንጠረዡን በቃል እንዳስወጣ አዘውኝ ሄዱ። እኔም ታዘዝሁ። ይህን የማነሣው እሳቸውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ የተማሪው ብዛትና የመሣሪያው እጦት እውነተኛ ችግር መሆኑን ለማመን ነው። ቢሆንም በሳን ሎሬንዞ የነበሩት ሃምሳ ያህል ሕፃናት፣ የያዘቻቸውም ያልሠለጠነች ሴት መሆኗን ስናስታውስ፣ ብዛትን ብቻ ምክንያት አድርገን የምናመልጥ አይመስለኝም።

ወደ ሕይወታቸው ልመለስ። በ1909 ስለ ዘዴያቸው የጻፉት መጽሐፍ ታትሞ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ። በ1913 አሜሪካን ሲጎበኙ በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው፤ በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ግድግዳው መስተዋት በሆነ ክፍል ሕፃናት ሲሠሩ ሕዝብ ከውጭ ቆሞ ተመለከተ። ዝናው ግን እንደመጣ ሄደ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1914 በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ዘዴው ያረጀ የሥነ ልቡና አስተሳሰብ የተከተለ፣ መሣሪያዎቹም ለልጁ ፈጠራ ጠባብ እንደሆኑ ተቸ። ትችቱ ሁሉ ስሕተት አልነበረም። ሞንቴሶሪ መሣሪያዎቻቸው ከታዘዘው ውጭ እንዲሠራባቸው አይወዱም ነበር፤ መምህራንን የማሠልጠኑንም ሥራ ለሌላ ሰው በቀላሉ አይለቁም ነበር። ለሕፃኑ የሰጡትን ነጻነት ለመምህሩ ነፍገዋል የሚሉ ሰዎች ቢኖሩ አልፈርድባቸውም።

አሁን በመግቢያዬ ወደጠቀስሁት ምዕራፍ ደረስን። ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ከያዘ በኋላ መንግሥቱ ወደ ሞንቴሶሪ ዘዴ ዓይኑን ጣለ። በ1924 ዘዴውን የሚያስፋፋ ብሔራዊ ድርጅት በመንግሥት ድጋፍ ተቋቋመ፤ በ1928 ደግሞ የመምህራን ማሠልጠኛ በሮማ ተከፈተ። ፋሺስቱ የፈለገው ቶሎ የሚያነቡ፣ ጸጥ ብለው የሚሠሩ፣ ለአገሩ ዝና የሚሆኑ ሕፃናትን ነው፤ ሞንቴሶሪ የፈለጉት በገዛ አገራቸው የተነፈጋቸውን ትምህርት ቤት ነው። በመካከላቸው የነበረው ይኸው ነው። ሕፃን በገዛ ራሱ እንዲያስብ ሲደክሙ የኖሩ ሰው፣ ሕፃናትን በጥቁር ሸሚዝ አሰልፎ ከሚያዘምር መንግሥት ጋር አሥር ዓመት ያህል በአንድ ማዕድ ተቀመጡ። በ1932 በጄኔቭ ስለ ሰላምና ትምህርት ንግግር ሲያደርጉ እንኳ ከዚህ ማዕድ ገና አልተነሡም ነበር።

ፓርቲው በትምህርት ቤቶቹና በመምህራኑ ላይ እጁን እያጠበቀ ሲመጣ በ1933 ከድርጅቱ ለቀቁ፤ በ1934 ፈጽመው ተለያዩ። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ሲወር እሳቸው ከዚያ መንግሥት ጋር የነበራቸው ነገር አብቅቶ ነበር። በ1936 በጣሊያን የነበሩት የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በጀርመን ያሉትን ደግሞ ናዚዎች ቀደም ብለው ዘግተዋቸዋል። እነዚህ መንግሥታት ትምህርት ቤቶቹን መዝጋታቸው ለሴትዮዋ የሚቆም ምስክር ነው። ግን ደግሞ ሕፃኑ የእንዝርቱን ስሕተት በአንድ ጠዋት አንብቦ እንዲያርም መሣሪያ የሠሩት ሊቅ የራሳቸውን ስሕተት ለማንበብ አሥር ዓመት እንደፈጀባቸው መካድ አይቻልም። በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ የኢትዮጵያ ሕፃናትም ሕፃናት ነበሩና፣ ይህን ምዕራፍ በዝምታ የሚያልፉ የሕይወት ታሪኮችን ሳነብ ቅር ይለኛል።

ከ1916 ጀምሮ መኖሪያቸው ባርሴሎና ነበር። በዚያች ከተማ በ1934 ስለ ሒሳብና ስለ ጂኦሜትሪ ትምህርት የጻፏቸው ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት በስፓኝ ቋንቋ ታተሙ፤ የሒሳቡ መጽሐፍ ከዶቃዋ ተነሥቶ እስከ ካሬ ሥርና እስከ አልጀብራ ይዘልቃል። የሁለት ቁጥሮችን ድምር ኩብ የሚያሳየው ባለስምንት ቁራጭ ባለቀለም ኩብ የዚህ ሐሳብ ምሳሌ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ እንደ እንቆቅልሽ አፍርሶ ይገጣጥመዋል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው ልጅ በደብተሩ ላይ ሀንና ለን ደምሮ ኩብ ሲያወጣ በእጁ የሚያውቃቸውን ስምንት ቁርጥራጮች እንደገና ያገኛቸዋል። በ1936 የስፓኝ የርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከባርሴሎና ወጡ፤ ከዚያም በኔዘርላንድ ተቀመጡ።

በ1939 በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከማሪዮ ጋር ወደ ሕንድ ሄዱ። በማድራስ አጠገብ በአድያር ሦስት መቶ ያህል መምህራንን ማሠልጠን እንደጀመሩ፣ ጣሊያን በጁን 1940 ከጀርመን ጎን ጦርነት ገባች። የሕንድን አገር ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ማሪዮን እንደ ጠላት ዜጋ አሰሩት፤ እሳቸውም ከአድያር እንዳይርቁ ታገዱ። በኦገስት 31፣ ሰባኛ ዓመታቸው በሞላበት ቀን፣ የእንግሊዙ እንደራሴ ማሪዮን ለቀቀላቸው፤ መልእክቱም ልጃቸው ብሎ የጠራው ነበር። ለአርባ ዓመታት ያህል በሕዝብ ፊት የወንድም ወይም የዘመድ ልጅ እየተባለ የኖረው ሰው በባዕድ መንግሥት ቃል ልጅነቱ ተረጋገጠ።

እስከ 1946 በሕንድ ቆዩ። በኮዳይካናል ደጋ ከማሪዮ ጋር ሆነው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆነውን ትምህርት አስፋፉ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ሊያነበው የሚገባው ይህን የኋለኛ ዘመን ሥራቸውን ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መዳሰስ ብቻ አይበቃውም፤ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራል፤ ትልቅ ነገር ይወዳል። ስለዚህ በሺህ ዶቃዎች የተሠራውን ረጅም ሰንሰለት ወለል ላይ ዘርግቶ ከአንድ እስከ ሺህ እየተጓዘ ይቆጥራል፣ በሚሊዮን ይደምራል፣ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ታሪካቸው ይነገረዋል። ከጊዜ በኋላ ዶቃውን ገሸሽ አድርጎ በወረቀት ብቻ መሥራት ሲፈልግ፣ መምህሩ ዕቃውን ከእጁ የሚነጥቀው አይደለም፤ ልጁ ራሱ ይተወዋል። በየትምህርት ቤቱ መሣሪያ ገዝተው በቁም ሣጥን የቆለፉ፣ ወይም ልጁ ሳይጠግብ የቀሙ፣ ወይም ከጠገበ በኋላም በግድ ያስያዙ አይቻለሁ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የጣሊያን መንግሥት ጠርቷቸው የተዘጋው ድርጅት እንደገና ተቋቋመ። በ1949፣ በ1950ና በ1951 ለኖቤል የሰላም ሽልማት በዕጩነት ቀረቡ፤ አልተሸለሙም። እስከ መጨረሻው እየተዘዋወሩ ከማስተማር አልቦዘኑም። ሜይ 6 ቀን 1952 በኔዘርላንድ፣ በባሕር ዳርቻዋ ኖርድዋይክ አን ዜ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። ሥራውን ማሪዮ እስኪሞት ድረስ ቀጠለው። ጣሊያን በ1990 የእሳቸውን ፊት በሺህ ሊሬ ኖት ላይ አተመች፤ ኖቱም ዩሮ በ2002 ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ በየሱቁ ሲመነዘር ቆየ።